ጽዋው ሳይከፈት

ባለፈው ሳምንት ለቤተ ክርስቲያናችን ዕቃ ቤት ምሰሶ የሚሆን የክርክራ እንጨት ከገንዳ ውሃ በስተምዕራብ ካለው ጫካ መጥቶ ከደጀ ሰላሙ አጠገብ ተራገፈ። አናጺው መጋዙን ሲያስገባበት እንጨቱ ያንን የማውቀውን ሽታ ለቀቀ፤ እርጥብ፣ ጎምዘዝ ያለ፣ ከሥሩ ግን ማር ማር የሚል። ከማኅሌት ወጥቼ ወደ ቤቴ መሄዴ ነበር፤ በመቋሚያዬ ተደግፌ ባለሁበት ቀረሁ። አንተም ከኋላዬ ደርሰህ፣ «የኔታ፣ ደከመዎት?» አልኸኝ። አልደከመኝም ነበር። የዚያን ዕለት መልስ ሳልሰጥህ ስለ ቀረሁ አሁን ልንገርህ። በዚያ ሽታ ውስጥ የአንድ ሰው ድምፅ አለ።

ጢሜ ገና በማቆጥቆጥ ላይ ነበር። ጾመ ድጓውን ፈጽሜ ድጓውን ከመካከል ባደረስሁበት ዘመን የመምህሬ መንደር እህል አጣ፤ ተማሪውም ተበተነ። እኔ ለአጨዳ ከሚወርዱ ሰዎች ጋር በጭነት መኪና ተጭኜ ገንዳ ውሃ ወረድሁ። ሰሊጡ ታጭዶ ካበቃ በኋላ ጓደኞቼ ወደ ደጋ ተመለሱ። የምመለስበት ጉባኤ ስላልነበረኝ፣ ወርቅ ይቆፈርበታል ወደ ተባለው፣ ከገለጉ ከተማ ወዲያ በእግር ወደሚደረስበት ወንዝ ዳር ከሌሎች ሳሉጎች ጋር ሄድሁ። ሳሉግ በቆላው አነጋገር ከደጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ነው። ዲያቆን ሁን፣ የባላባት ልጅ ሁን፣ ቆላ ከወረድህ ስምህ ያው ሳሉግ ነው።

ጉድጓዱ እንደ ውሃ ጉድጓድ ቀጥ ብሎ ይወርድና ከታች ወደ ጎን ይታጠፋል። ከአፉ ላይ ሁለት ባላ ተተክሎ አግዳሚ ተጋድሞበታል፤ ገመዶቹ በእርሱ ላይ ያልፋሉ። አንዱ ገመድ የአፈሩ ባልዲ የሚወጣበት ነው፤ ሁለተኛው ከታች ባለው ቆፋሪ ወገብ የታሰረ ነው። በጎኑ ዋሻ ውስጥ አየሩ ከባድ ነበር። ሰው ሳይታወቀው ጉልበቱ ይከዳውና እንደ ተኛ ይቀራል። ስለዚህ በዚያ ቦታ ሁሉም የሚጠብቀው አንድ ሥርዓት ነበረ፤ የሚቆፍር ሰው ዝም አይልም። ያንጎራጉራል፣ ይዘፍናል፣ የሚያውቀው ከሌለ የላሞቹን ስም ይጠራል። ከላይ ገመድ የያዘውም ሰው ጆሮውን ከጉድጓዱ አፍ አያነሣም። ድምፁ ከተቋረጠ አይጣራም፣ ምን ሆንህ ብሎ አይጠይቅም፤ ይስባል።

ዋናው ቆፋሪ ጎጃሜ ነበረ። ትከሻው ሰፊ፣ ንግግሩ ረጋ ያለ፣ ድምፁ ግን ሻካራ ነበር፤ ዜማው አንድ ቀን እንኳ ልክ ሆኖ አያውቅም። የዜማ ትምህርት የለመደ ጆሮዬ አልታገሥ አለኝና አንድ ጊዜ ላርመው ሞከርሁ። ከጨለማው ውስጥ አፈር እየተፋ፣ «ዲያቆን፣ የኔታህ ጉድጓድ ገብተው ያውቃሉ? ይምጡና ከዚህ ሆነው ይሞክሩት» አለኝ።

ከላይ ገመዱን የሚይዘው ወሎዬ ነበረ፤ እስላም ነው፣ መዳፉ በገመድ ብዛት እንደ ጫማ ሶል ጠጥሯል። በጎጃሜው ዘፈን ስናሾፍ እርሱ ይከራከርለት ነበር። «ተዉት። እንዲህ ያለ ድምፅ ዝም ሲል ጆሮ ወዲያው ነው የሚያርፍ። ሳላውቀው አልቀርም።»

እኔ በጎጃሜው ጀርባ ሆኜ የቆፈረውን አፈር ወደ ባልዲው እሞላ ነበር። ስንጥቁን መጀመሪያ ያየነውም አብረን ነው። ከጎኑ ዋሻ መግቢያ በላይ፣ በግድግዳው ላይ፣ ጥፍር የማያስገባ ቀጭን መስመር ነበር። ሰነበተና ጣት አስገባ። ደግሞ ሰነበተና ጎጃሜው መዳፉን ሸጎጠበት። በምንቆፍርበት ጊዜ ከበላያችን ደቃቅ አፈር በማጅራታችን ላይ እየወረደ በላባችን ይቦካ ነበር። በሱዳን በኩል ያለው ሰማይ ወደ ማታ መብረቅ ማሳየት ጀምሯል። ዝናቡ ከገባና ውሃው በዚያ ስንጥቅ ከሰረገ ምን እንደሚሆን ማንም አፍ አውጥቶ አይናገርም፤ ሁሉም ግን ከመውረዱ በፊት ያማትባል፣ ካማተበም በኋላ ቆም ይላል።

የሚያስፈልገን እንጨት ብቻ ነበር። የጎኑን ዋሻ በክርክራ ምሰሶና አግዳሚ ደግፎ መያዝ፤ ክርክራ ምስጥ አይበላውም፣ ከባድ ጭነትም ይችላል። ነገር ግን ክርክራው ያለበት ጫካ ሩቅ ነበር፤ የሚያመላልሰው የትራክተር ተሳቢ የባለ ጉድጓዱ ነው፤ እንጨቱ እስኪቆምም ቁፋሮው መቆም ነበረበት። ባለ ጉድጓዱ ነጭ ጋቢ የማይለየው፣ ጾም የማይሽር፣ ለአንድ ገጠር ቤተ ክርስቲያን የጣሪያ ቆርቆሮ የሰጠ ሰው ነበር። ይህን የምነግርህ ለምጸት አይደለም፤ በልቡ አማኝ ነበረ፣ እስከ ዛሬም አልነፍገውም። ስለ እንጨቱ ሲነገረው ግን መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነበር። «የፈራ ይውጣ። ከገንዳ ውሃ መኪና በየቀኑ ሰው ያወርዳል።»

እውነቱንም ነበር። ጎንደሬ አልወርድም ሲል ጎጃሜ ይገባል፤ ጎጃሜ ሲያንገራግር ወሎዬ ይገባል። ሁላችንም በየአገራችን ልጆች ተከፍለን እንበላለን፣ ተከፍለን እንተኛለን። ጠዋት እምቢ ያለ ሰው ከሰዓት በፊት ምትኩን በጉድጓዱ አፍ ላይ ያየዋል።

አንድ ቀን ከሥራ ወጥተን በወንዙ አሸዋ ላይ ስንታጠብ ጎጃሜው እንደ ዋዛ፣ «ለምን ጽዋ አንጠጣም?» አለ።

መጀመሪያ ሰዎቹ ሳቁ። ጠላ አማረህ ወይ አሉት። እርሱ ግን ጀርባውን በአሸዋ እየፈተገ ቀጠለ። «በአገሬ ሁለት ጠበኞች አንድ ጽዋ ከጠጡ አንዱ ያንዱን ማሳ አይነካም። እኛ ጠበኞች እንኳ አይደለንም፤ አንተዋወቅም እንጂ።»

ማኅበሩ እንዲህ ተጀመረ። በወር በወሩ በሚካኤል ቀን፣ በወንዙ ዳር ካለው ሾላ ጥላ ሥር። ቄስ ስላልነበረን ሙሴ፣ ማለትም ጸሎት አድራሹና ሥርዓት ጠባቂው፣ እኔ ሆንሁ። የሠፈራችን ጠላ ጠማቂ፣ ሁላችንም እትዬ የምንላት ሴት፣ የማሽላውን ጠላ አዘጋጀች፤ ለጽዋው የምትሆን ትንሽ ማሰሮም ሰጠችን፤ አፏን በነጠላዬ ሸፈንሁት። ወሎዬው ራቅ ብሎ ጉቶ ላይ ተቀምጦ ሲያየን እትዬ ለእርሱ ለብቻው ብርዝ በጥብጣ ወሰደችለት።

«አንተስ በሚካኤል ምን አገባህ?» አለው አንዱ ጎንደሬ።

«ሚካኤልን እኛም እናውቀዋለን። ለእናንተ ብቻ ማን ሰጣችሁ?» ብሎ ብርዙን ተቀበለ።

ሕጉን አደረስሁ። ማኅበርተኛ ቢታመም ማኅበርተኛው ያስታምመዋል፤ ቢሞት ይቀብረዋል፤ ቢጣላ ሳይታረቅ ጽዋ አይጠጣም። ይህ ሁሉም ከእናቱ ቤት ጀምሮ የሚያውቀው ነው። ጎጃሜው ተነሥቶ አንድ ጨመረ። «ማኅበርተኛ ከሥራው ቢባረር፣ በእርሱ ቦታ የሚገባ ማኅበርተኛ የለም።» ከዚያ ጽዋው ዞረ፤ የጠጣ ሁሉ ሕጉን ጠጣው። ወሎዬውም ብርዙን ወደ እኛ ከፍ አድርጎ ጠጣ።

የሚቀጥለው ሚካኤል እስኪደርስ ነገሩ በሹክሹክታ ተቆርጦ አደረ፤ እንጨት ካልመጣ ከበዓሉ በማግስቱ ማንም ጉድጓድ አይወርድም፣ ማንም ገመድ አይይዝም። ለባለ ጉድጓዱ ማን እንደ ነገረው አላውቅም፤ ሾላ ሥር የተባለ ነገር ተደብቆ እንዲኖር መጠበቁም የዋህነት ነበር።

የሚካኤል ዕለት ፀሐዩ ከአናት በላይ ሆኖ አሸዋው ያንጸባርቅ ነበር። ዳቦው ተቆርሶ፣ ማሰሮዋ በመካከላችን ተቀምጣ ሳለች ባለ ጉድጓዱ በወንዙ መንገድ ብቅ አለ። ከኋላው ዘበኛው በአንድ እጁ ጠመንጃ፣ በሌላው ፍየል ይዞ ይከተለዋል። ሁላችንም ተነሣን።

«ተቀመጡ፣ ተቀመጡ። እንደምን ዋላችሁ?» አለ። «ሚካኤል የእኔም ነው። ጽዋ ልጠጣ መጣሁ።»

ጽዋ ልጠጣ ብሎ የመጣን ክርስቲያን የሚመልስ ማኅበር አይቼ አላውቅም፤ አንተም አታይም። ቦታ ለቀቅንለት። ከማሰሮዋ አጠገብ፣ ከፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ጋቢው የሳሙና ሽታ ነበረው። ዘበኛው ፍየሉን ከሾላው ሥር አስሮ ጠመንጃውን በጉልበቱ ላይ አጋድሞ ተቀመጠ።

«ከዛሬ ወዲያ ወንድማማች ነን» አለ ባለ ጉድጓዱ ዙሪያውን በፈገግታ እየተመለከተ። «ወንድም በወንድሙ ላይ አያድምም። አይደለም ወይ ዲያቆን?»

የመጣበት ነገር የዚያን ጊዜ ለሁላችንም ተገለጠ። እርሱ ከዚያች ማሰሮ ከጠጣ በኋላ በማግስቱ ሥራ ብናቆም በማኅበርተኛችን ላይ እንደ ተነሣን ይቆጠራል። ጽዋውን ያፈረስነው እኛ እንሆናለን። በዙሪያዬ ያሉትን ፊቶች አየሁ፤ ሁሉም የሚያዩት እጄን ነበር። እጄ በነጠላው ላይ ነበረች፤ ነጠላውን ካነሣሁ አለቀ።

ጽዋ ከመከፈቱ በፊት ሙሴው የሚጠይቀው ጥያቄ አለ፤ ታውቀዋለህ። በአብዛኛው ማንም አይመልስም፤ ሙሴውም መልስ ሳይጠብቅ በችኮላ ያልፈዋል። ያን ቀን ግን ቀስ ብዬ፣ ቃሉን ከቃሉ እየለየሁ ጠየቅሁ። «ቂም ያለው፣ የተቀያየመ ካለ፣ ጽዋው ሳይከፈት ይናገር።» ጠይቄም ነጠላውን ሳላነሣ ቆየሁ። የሾላ ፍሬ አንድ ጊዜ ጠብ ሲል ሰማሁ።

ጎጃሜው ተነሣ። «እኔ አለኝ» አለ።

ባለ ጉድጓዱ ፈገግታውን ሳያጥፍ፣ «በማን ላይ?» አለው።

«በእርስዎ ላይ፣ ጌታዬ።»

«ምን በደልሁህ? እንጀራህን አጎደልሁብህ?»

«እንጀራ አላጎደሉብኝም» አለና መዳፉን አቁሞ አሳየው። «ስንጥቁ ይህን ያህል ሆኗል። እርስዎ አላዩትም፤ እኔ በየቀኑ በሥሩ አልፋለሁ። ባለፍሁ ቁጥር እርስዎን እረግማለሁ። ጸሎት ልጀምር ብዬ አፌ እርግማን ይቀናዋል። ይህን በሆዴ ይዤ ከእርስዎ ጋር ጽዋ አልጠጣም።»

ወሎዬው ከጉቶው ላይ ሆኖ ጉሮሮውን ጠረገ። «ወላሂ እውነቱን ነው፤ ሲረግምዎት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በዜማ ነው የሚረግምዎ፣ እሱም ልክ አይደለም።»

ሳቅ ፈነዳ። ዘበኛው እንኳ ፊቱን ወደ ፍየሉ መልሶ ሳቀ። ባለ ጉድጓዱ ብቻ አልሳቀም። ወደ እኔ ዞረ።

«ዲያቆን፣ ይህ የሥራ ነገር ነው። የሥራን ነገርና ሃይማኖትን አታደባልቁ። ክፈተው።»

«ጌታዬ፣ ቂም ከተነገረ በኋላ ጽዋ የሚከፈተው በዕርቅ ነው።»

«እኔ ክፈተው ብልህስ?»

«ብከፍተውም የሚጠጣ የለም» አልሁ።

ዘበኛው ጠመንጃውን ከጉልበቱ አነሣና መልሶ አጋደመው። ሌላ ነገር አላደረገም፤ እስከ ዛሬ ግን ያችን እንቅስቃሴ አስታውሳታለሁ። ባለ ጉድጓዱ ዓይኑን ከነጠላው ላይ ሳያነሣ ብዙ ቆየ። ተነሥቶ ቢሄድ፣ ከሚካኤል ጽዋ ታርቀህ ጠጣ ቢባል እምቢ ብሎ ሄደ የሚለው ወሬ ከእርሱ ቀድሞ ገለጉ ይደርሳል። ወሬውን ብቻም አልነበረም የፈራው፤ ሚካኤልንም ይፈራ ነበር። በመጨረሻ እጁን በጉልበቱ ላይ መትቶ ተናገረ።

«እንጨቱ ነገ ይመጣል። ይህ ሰው ግን ከእንግዲህ በጉድጓዴ አፍ አይታይ። በሰው ፊት አዋርዶኛል።»

ጉርምርምታ ተነሣ። ወሎዬው ከጉቶው ብድግ አለ። «እሱ ከሄደ ገመድ የሚይዝ የለም።»

«እንጨትም የለም» አለ ባለ ጉድጓዱ።

ነገሩ እዚያ ላይ ቆመ። እንጨቱ የሚመጣው ጎጃሜው ከሄደ ነው፤ ጎጃሜው ከሄደ ግን በሕጋችን በእርሱ ቦታ የሚወርድ አይኖርም። ራሳችን ያሰርነው ቋጠሮ መልሶ እኛን ያዘን። በሱዳን በኩል በቀን ነጎድጓድ ተሰማ።

ጎጃሜው እንደ ቆመ ነበር። ወደ እኔ አየና ጥርሱን ፈገግ አደረገ። «ሙሴ፣ እኔ ዛሬ ጽዋ ጠጥቻለሁ?»

«ጽዋው አልተከፈተም» አልሁት፤ ምን ሊል እንደሆነ ገና አልገባኝም ነበር።

«እንግዲያ ዛሬ አልጠጣም። ከዛሬ ጀምሮ ማኅበርተኛ አይደለሁም። በቦታዬ የሚገባ ሰው ሕግ አላፈረሰም።» ከዚያም ወደ ባለ ጉድጓዱ ዞረ። «እንጨቱ ቆሞ፣ እያንዳንዱን በእጄ አንኳኩቼ ካየሁት በኋላ ራሴ እሄዳለሁ። በዚህ ታረቅን?»

ባለ ጉድጓዱ ሲመልስ ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር። «ታረቅን።»

ይቅር ለእግዚአብሔር ተባባሉ፤ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። ነጠላውን አነሣሁ። ባለ ጉድጓዱ በሚካኤል ስም እንጨቱን ሊያመጣ ምሎ ጠጣ፤ ሌሎቹም በተራ ጠጡ። ማሰሮዋ ጎጃሜው ዘንድ ስትደርስ በእጁ ሳይነካት ወደሚቀጥለው አሳለፋት። ለእኛ ብሎ የጀመረውን ጽዋ ቆሞ ያይ ነበር። ወሎዬው ዋንጫውን ይዞ ወደ እርሱ ተጠጋ።

«ይህ ጽዋ አይደለም፤ የእስላም ብርዝ ነው። ሕግ የለበትም። ጠጣ።»

ጎጃሜው ጠጣ። ዋንጫውንም ባዶ አድርጎ መለሰለት።

እንጨቱ በማግስቱ በተሳቢ መጣ። ሲራገፍ ሠፈሩ ሁሉ ያንን ሽታ ሸተተ፤ አናጺው ባለፈው ሳምንት የቀሰቀሰብኝን። ቅርፊቱን ልጠን፣ በልክ ቆርጠን፣ በገመድ እያወረድን የጎኑን ዋሻ ከመግቢያው እስከ ጫፉ ደገፍነው። ሲያልቅ ጎጃሜው ለመጨረሻ ጊዜ ወረደ። ከላይ ሆነን በመጥረቢያው ጀርባ እያንዳንዱን ምሰሶ ሲያንኳኳ እንሰማው ነበር፤ በምቱ መካከልም ያ የማይታረም ዘፈኑ ይመጣል። ወሎዬው ጆሮውን አዘንብሎ ያዳምጣል። ወጥቶ አፈሩን ካራገፈ በኋላ፣ «ይይዛል» አለ። ሌላ አልጨመረም።

በእርሱ ቦታ የምወርደው እኔ እንድሆን ተወስኖ ነበር። ገመዱን በወገቤ ያሰረልኝ ራሱ ነው። ቋጠሮውን ሁለት ጊዜ ጎተት አድርጎ ከፈተነ በኋላ፣ «ዲያቆን፣ ዝም እንዳትል። ዜማው ልክ ባይሆንም ግድ የለም» አለኝ። ራሴን ዝቅ አደረግሁለት፤ እንደ ታናሽ ወንድሙ አናቴን ዳሰሰኝ።

የዚያ ዓመት ዝናብ ከባድ ነበር። ምድሩ ሲንቀሳቀስ ክርክራው ሲያቃስት በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ቢሆንም ያዘ። ሁላችንም እየዘመርንም እየዘፈንንም ወጣን። ከዚያ ወዲህ ገንዳ ውሃ ከተማ መናኸሪያ በሄድሁ ቁጥር ከጎጃም የወረደ ሰው ካገኘሁ ስለ እርሱ እጠይቃለሁ። ሰዎቹ መልኩን ይጠይቁኛል። እኔ ግን መልኩን ከመንገር ይልቅ ድምፁን ልነግራቸው እሞክራለሁ፤ ድምፅ ደግሞ እንዴት ይነገራል?

ጎጃሜው የሄደው ጠዋት ነው፣ ፀሐዩ ሳይበረታ። ቁምጣ ለብሶ፣ ብርድ ልብሱን በዱላው ጫፍ አንጠልጥሎ በወንዙ ዳር ወደ ገለጉ አቀና። እኔ ገመዱ በወገቤ እንደ ታሰረ እግሬን ወደ ውስጥ አድርጌ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጬ ነበር፤ ወሎዬው ሌላውን ጫፍ ይዞ ከኋላዬ ቆሟል። ሥራ የጀመረ አልነበረም። ሁላችንም እናዳምጥ ነበር። ጎጃሜው እየዘፈነ ነበር የሚሄደው፤ ቀስ እያለ ቀጠነ፤ በመታጠፊያው አንድ ጊዜ ጠፍቶ ተመለሰ፤ ከዚያ ማዶ ካለው ቁጥቋጦ ውስጥ ገባና ቀረ።

ወንዙ ጭጭ አለ። ወሎዬው አልተጣራም፣ ምንም አልጠየቀም። ገመዱ በወገቤ ላይ ጠበቀ፤ ወደ ኋላም ሲስበኝ ተሰማኝ።